ቅራቅንቦውን ማን ይውረስ?

ባለቤቴ ያረፈ ሰሞን ድንኳኑ ውስጥ ጠብ ተነሣ። ጠቡ በውርስ አልነበረም፤ ሟቹ የማን ነው በሚል ነው። ከሆለታ በኩል የመጡት የንብ ሰዎች አንዱን አግዳሚ ይዘው "ጋሼ እኮ ዕድሜ ልኩን ንብ አናቢ ነበር" እያሉ ሲያወጉ፣ ካርታ የያዙት የአውራ ጎዳና ባልደረቦቹ ሰሟቸው። "የምን ንብ? እሱ ከሞተር ሌላ ምን ያውቃል!" አሉ። በመግቢያው በኩል ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ተነሥቶ፣ ጋሼ የክራር ተማሪው እንደነበር፣ ትዝታን አሳምሮ ይዞ ባቲ ላይ ሲደርስ ዕድሜ እንዳልበቃው በእንባ ተናገረ። አንድ አዛውንት ደግሞ "ልጆች፣ ሰውየው የሬዲዮ ሰው ነው፤ እሱን እኔ ነኝ የማውቀው" ብለው መሬቱን በከዘራቸው መቱት። እኔ ጓዳ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ይህን ስሰማ እንባዬ ቀጥ አለ። "ለካ ከስንት ወንድ ጋር ነው የኖርኩት?" አልኳት አጠገቤ ላለችው አክስቴ። ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ግን የእሱ ለቅሶ ነው፤ እሱ ባለበት ደግሞ መቼ ሥርዓት ተይዞ ያውቃል?

ጠቡን የፈታው የዕድራችን ዳኛ ነው። "ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ንፍሮው ሳይቀዘቅዝ ቅመሱ" አለና ተቀመጠ።

ዓለም ገና የመጣነው በእሱ ሥራ ነው። መካኒክ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢለዋውጥም እኛ አውራ ጎዳና እንዳልነው ቀርተናል፤ የግሬደርና የዶዘር ሰዎች የሚሠለጥኑበት ግቢ እዚሁ ነው። ያኔ ዓለም ገና መገንጠያ ነበረች። አንዱ መንገድ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይሄዳል፤ ሌላው በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕናና ሶዶ ይወርዳል። በአንዱ ቡና፣ በሌላው በርበሬ የጫኑ መኪኖች ማታ ማታ ይቆሙባታል። ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ ጀርባ የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከሁሉም በላይ ወጨጫ ተራራ። ዛሬ ማሳው ፋብሪካ ሆኗል፤ እኛም ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለናል። ያኔ ግን እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ሲመሽ ወይ ይጠጣል ወይ ይጸልያል። ሜታ ቢራ ፋብሪካ ደግሞ ጎረቤታችን ነው፤ ፈተናው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የኔ ሰው ግን ሦስተኛ ነገር ፈለገ።

መጀመሪያ የመጣው ሬዲዮ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ገጃ ላይ ትልቅ የሬዲዮ ማሰራጫ አለ። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በአጭር ሞገድ ድምፁን ወደ ብዙ አገር ይልክ የነበረው ከዚያ ሆኖ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና ድምፁ የአብዮቱ ሆነ። ለባለቤቴ ማን ይናገርበት ማን ግድ አልነበረውም፤ የእሱ ችግር ቅርበቱ ነው። ጣቢያው አፍንጫችን ሥር ስለሆነ ሬዲዮው ላይ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። "ጎረቤትሽ እየጮኸ የሩቁን ሰው ሹክሹክታ እንዴት ትሰሚያለሽ?" ይለኝ ነበር። የሩቁ ሰው ጀርመን ነው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያሰራጫል፤ በደርግ ጊዜ እሱን መስማት ደግሞ በር ዘግቶ፣ ድምፅ ቀንሶ ነው። ባለቤቴ በሩን ዘጋ፣ ድምፁን ቀነሰ፤ ከዚያ ግን ከጣሪያችን እስከ ባሕር ዛፉ ጫፍ ድረስ የሚያብረቀርቅ የመዳብ ሽቦ ዘረጋ። ከአስፋልቱ ላይ ይታያል።

ሽቦው ለእኔም በጀኝ። ለሕፃን ልብስ ማስጫ ከዚያ የተሻለ ነፋሻ ቦታ አልነበረም። አንድ ማታ የመጀመሪያ ልጃችንን የሽንት ጨርቅ ደርድሬበት ስገባ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት እየጮኸ ወጣ። "ጀርመን ጠፋች!" የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። በነጋታው ማታ መሣሪያ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች በራችንን አንኳኩ። "ይኼ ሽቦ ከማን ጋር ነው የሚያነጋግርህ?" አሉት። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ፤ የስንት ሰው ቤት በዚህ በር ነው የጠፋው። እሱ ግን ጥያቄው ደስ አሰኘው። አስገባቸው፣ አስቀመጣቸው፣ "ሻይ አፍዪ" አለኝ፤ ከዚያ የሬዲዮኑን ጀርባ በብሎን መፍቻ ከፍቶ መቀበያና ማሰራጫ እንዴት እንደሚለያዩ ያስተምራቸው ጀመር። መሣሪያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ሲወጡ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የአባቱ ፊሊፕስ ሬዲዮ ከተበላሸ መቆየቱን ነገረው። በሳምንቱ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ መሬቱን በከዘራቸው የመቱት አዛውንት ያ ጥበቃ ናቸው።

የእሱ ጣጣ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው፤ አንድ የማላውቀው ሰው እራት ላይ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ሽሮ እጨምራለሁ። ስቆጣው ምኒልክን ይጠራብኛል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 እ.ኤ.አ. ሲመጣ፣ ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነው ይባላል፤ ያንን ሲያሳካ ጠመንጃ አሠሩት። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው፣ ስልኩ፣ ባቡሩ፣ መኪናው መጣ። "ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ አገር እያስተዳደሩ አዲስ ነገር ካላዩ አይተኙም ነበር" ይለኛል። "አዎ" እለዋለሁ፤ "እሳቸው ግን ኢልግ ነበራቸው። አንተ ኢልግም ምኒልክም ራስህ ነህ። ደግሞም እቴጌ ጣይቱ ድስታቸው ውስጥ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ስለማግኘታቸው የተጻፈ ነገር አላየሁም።" ይህን ያልኩት በፎቶ ዘመን ነው። ማድ ቤቴን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ጨለማ ክፍል አድርጎት ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረን የልጆቻችን ፎቶ ነው፤ ግማሹ ያለ ጭንቅላት።

ከፎቶው በፊትም በኋላም ብዙ ነበር። ቴምብር ሰብስቧል፤ ኢትዮጵያ በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳተመቻቸውን የምኒልክን ቴምብሮች ግን ሥዕላቸውን እንጂ እነሱን ገዝቶ አያውቅም፤ ደመወዙ አይፈቅድማ። ርግብ አርብቷል፤ ርግቦቹ የሰው ጤፍ በልተው ሽምግልና አስቀምጠውናል። አንድ ክረምት ከመናገሻ ሱባ ደን የጥድ ፍሬ በኪሱ ሞልቶ መጣ። ያንን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ነው ያስተከሉት ይባላል። "እሳቸው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከዚያ ድረስ ካስመጡ እኔ ከሱባ እዚህ ያቅተኛል?" አለ። በየጣሳው የዘራው አንድም አልበቀለም። ወፍ የጣለችው አንዱ ግን ከአጥራችን ሥር በቀለና ዛሬ ከጣሪያው አልፏል። እንግዳ ሲመጣ "እኔ የተከልኩት ጥድ" ብሎ ያሳይ ነበር፤ ወፏም አልተከራከረችውም። ክራሩን አላነሣውም፤ ውሻችን ስለእሱ ብዙ ተናግሯል።

ንቡ የመጣው ጡረታ ሲወጣ ነው። አጭር ሥልጠና ወሰደና ወሬው ሁሉ ባህላዊ ቀፎ፣ የሽግግር ቀፎ፣ ዘመናዊ ቀፎ ሆነ። እኛ ጋ መስከረም ላይ አደይ አበባው ሜዳውን ያለብሰዋል፣ ማገጡም ያብባል፤ ኅዳር ላይ ነጭ ማር ይቆረጣል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ነገሩ የተበላሸው አንድ መጽሐፍ ያገኘ ጊዜ ነው። መጽሐፉ የፈረንጅ ነው። ቀፎ የሚከፈተው ፀሐይ በደመቀችበት በእኩለ ቀን ነው ይላል፤ ሠራተኞቹ ንቦች አበባ ላይ ስለሚሆኑ ቤት ያሉት ጥቂት ናቸው። ለፈረንጅ ንብ ልክ ነው። የእኛ አገር ንብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ቁጣዋ ቅርብ ነው፤ አንዷ ስትነድፍ የነደፈችበት ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ማር የሚቆርጡት ሲመሽ፣ በኩበት ጭስ የሆነው። ይህንን ሥልጠናውም ነግሮታል። እሱ ግን ሁለቱን ማወዳደር አማረው።

ያወዳደረው ደግሞ ማርያም ማኅበር እኛ ቤት በወጣችበት ዕለት ነው። ዳሱ ግቢ ውስጥ ተጥሏል፤ ጠላው ተቀድቷል፤ የንስሐ አባታችን ጸሎት ጀምረዋል። ከጓሮ "ኧረ ባክሽ ጭስ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጓሮው ራሱ ወደ እኛ መጣ። ንብ ጥቁር ነገር ላይ ታተኩራለች፤ ሽቶና ላብም ያስቆጣታል። ነጠላ የለበስነው ሴቶች ተሸፋፍነን ወለሉ ላይ ተደፋን። ጥቁር ካባ የለበሱት አባታችን ግን መሸሸጊያ አጡ። ጽዋውን እንደያዙ፣ ጠብታ ሳያፈሱ ቤት ውስጥ የገቡበትን ፍጥነት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁለት ወጣቶች ከነልብሳቸው የውኃ በርሜል ውስጥ ነበሩ። ማኅበሩ በጓዳ መስኮት በኩል ተበተነ፤ ጠላው ለንቦቹ ቀረ። ማታ ሁሉም ጋብ ሲል ባለቤቴ ባበጠ ከንፈሩ ደብተሩን አውጥቶ "እኩለ ቀን፦ አይሆንም" ብሎ ጻፈ። ይቅርታ ለመጠየቅ አባ ዘንድ ሲሄድ ስለ ሰም አወሩ። እንደምታውቁት ጧፍ ከሰም ነው። በዓመቱ ከሰፈፍ የወጣ ንጹሕ ሰም ለደብሩ የሚያቀርበው እሱ ነበር፤ አባም ቀፎውን ባርከውለታል፤ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመው።

ዓሣውን በአጭሩ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ከዚያ የቆሮሶ ጫጩት አገኘና ግቢው ጥግ ኩሬ ቆፈረ። ቆሮሶ ሞቅ ያለ ውኃ ይወዳል፤ የእኛ ደጋ ደግሞ ብርድ ነው፤ ስለዚህ ዓሦቹ አይሞቱም፣ አያድጉምም፤ እንደ ጣት ሆነው ይኖራሉ። እሱ ግን በየማለዳው ይቆጥራቸዋል። በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ዶፍ ሆነና ኩሬው ሞልቶ በአጥር ሥር ወጣ። ጠዋት ጎረቤታችን እማማ "የጌታ ያለህ! ጎመኔ ዓሣ አፈራ!" እያሉ ሲጮኹ ነቃን። ፍልሰታ ነበር። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተሰበሰበ። አንዷ ምልክት ነው አለች፤ ሌላዋ ፈተና ነው አለች፤ ዲያቆኑ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ላይ ከአንድ አስተማሪ ጋር ተያያዘ። ባለቤቴ ባልዲ ይዞ በጎመኑ መሀል በእንብርክኩ እየሄደ፣ ዓሦቹን አንድ በአንድ እየለቀመ "ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ እማማ" ይላል። በመጨረሻ ጾሙን የፈቱት የሰፈሩ ድመቶች ብቻ ናቸው። እማማ ግን ቅዱስ ነገር አይቻለሁ የሚለውን ወሬያቸውን ለመተው ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ጎመናቸውም በዚያ ዓመት በደንብ ተሸጠ።

ከሁሉ ልቡ የቀረበት ግን መልካ ቁንጥሬ ነው። እሑድ እሑድ በአሮጌዋ ቮልሳችን ተጭነን በቡታጅራው መንገድ እንወርዳለን። አዋሽ ወንዝ ዳር፣ ጎጆ ጎጆ የሆነ ሙዚየም አለ። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዤራር ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ ዣን ሻቫዮን የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ደግሞ ከነቡድናቸው ዓመታት ቆፍረውበታል። ከሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ ከባልጩት የተጠረቡም አሉ። የኔ ሰው የመጀመሪያ ቀን አንዲት ጥቁር የምታበራ ድንጋይ ከመሬት አነሣ። ዘበኛው ከየት መጣ ሳንል መጣ። "ጋሼ፣ ቦታዋ ላይ መልሷት" አለ በትሕትና። መለሰ። ከዚያ ግን አልሄደም፤ ዘበኛው አጠገብ ቁጭ አለ። ሰው የጠረበው ድንጋይና ጎርፍ የሰበረው ድንጋይ እንዴት እንደሚለዩ ዘበኛው አስተማረው፤ የመቱት ቦታ ላይ እብጠት ይቀራል፤ ፍላጩም የወጣበትን አቅጣጫ ይናገራል። ቀኑ መሸ። እኔ ቮልሷ ውስጥ ተቀምጬ ድፎውን ለብቻዬ በላሁት።

ቤት ሲገባ መሞከር አለበት። ባልጩት ስለተከለከለ በሜታ ጠርሙስ ቂጥ ጀመረ። የሚገርማችሁ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የጥንቱን የድንጋይ ጥርብ የሚለማመዱ ሰዎች በሌላውም ዓለም ወፍራም ጠርሙስ ይጠቀማሉ፤ ጠባዩ ከባልጩት ጋር ይቀራረባል። ለዚህ ሙያ ሲል ቢራ መጠጣት ጀመረ፤ ማለቴ ለሳይንስ ነው የጠጣው። ግቢያችን ስብርባሪ ሞላ። በስንተኛው ጠርሙስ እንደሆነ እንጃ እውነተኛ ስለት ወጣለት፤ መውጣቱን ያወቅነው አውራ ጣቱ ሲከፈት ነው። ጤና ጣቢያ ስትሰፋው ለነበረችው ነርስ፣ የባልጩት ስለት ከብረት ምላጭ እንደሚበልጥ፣ ስፌቱም ያማረው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ያስረዳት ነበር። "አባባ፣ ዝም ቢሉ ቶሎ እጨርስ ነበር" አለችው። እሷም ድንኳኑ ውስጥ ነበረች፤ ስለ ንብም ስለ ሬዲዮም የምታውቀው ነገር የለም፤ ለእሷ የድንጋይ ሰውዬ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዲህ በቀልድ አላልፈውም። እዚያው መልካ ቁንጥሬ፣ ጎንቦሬ በሚሉት ስፍራ፣ 700,000 ዓመት የሆነው የሰው ዱካ ተገኝቷል፤ ከአዋቂዎቹ ጋር የሕፃናት እግርም አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲያወጡ ልጆቹ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ይህን ካነበበ በኋላ ለልጅ ልጆቻችን ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር። ብሎን ሲፈታም ሲያስርም ዙሪያውን ከብበው ነበር የሚያድጉት፤ "አትነካካ" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ እሱን የምለው እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው በዚህች ጉዳይ ላይ ልክ የነበረው እሱ ይመስለኛል። በሌላው ሁሉ ልክ እኔ ነኝ።

ያረፈው በ2015 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኒው ዴልሂ ላይ ዩኔስኮ መልካ ቁንጥሬንና ባልጩት የሚባለውን ስፍራ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሬዲዮ እየሰማሁ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። "ሰማህ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ልጄ ከሳሎን ብቅ ብላ አየችኝ። "ሽንኩርቱን ነው" አልኳት።

ልጆቹ አሁን ዕቃ ቤቱ ይጽዳ ይላሉ። ኪራይ ቤት ይወጣዋል፤ ዓለም ገና ደግሞ ኪራይ እሳት ነው። እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ቆራሌው ሲያልፍ ጠራሁት። ገብቶ አየና ኮፍያውን አወለቀ። ጀርባቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች፣ የፊልም ሳህን፣ ግማሽ የርግብ ቤት፣ የማር ማጣሪያ፣ አውታሩ የተበጠሰ ክራር፣ በካርቶን የተደረደረ የጠርሙስ ስብርባሪ ላዩ ላይ "አትጣሉ፦ ቁጥር 3 ጥሩ ነው" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። "ማዘር፣ ይኼ በኪሎ ነው በፍሬ?" አለኝ። ይህን ማን ሊመልስለት ይችላል። ሁለት ባትሪና የተጣመመ ቱቦ ሸጬለት ሸኘሁት። ስብርባሪውን የንብ ሰዎቹም የሬዲዮው ሽማግሌም አይፈልጉትም፤ ነርሷ ብቻ አንዷን ለማስታወሻ ወስዳለች።

የሚሸጥ ነገር ቢኖር ቮልሷ ናት። ፈላጊ አላት፤ የዘንድሮ ወጣቶች አሮጌ ቮልስ አድሰው ሠርግ ያደርጉባታል። ባለፈው ጥቅምት አንዱ ከአዲስ አበባ መጣ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ከኋላ ሞተሩን ከፍቶ አየና ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ መካኒክ የያዛት መሆኗ ይታያል። ዋጋ ተነጋገርን፤ ተቀራረብን። ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

"እሱን ተወው" አልኩት።

"ዕቃ ማስቀመጫው አይደል ማዘር? ዝገት ካለው ልየው ብዬ ነው።"

"ዝገት የለውም።"

"ታዲያ ልየዋ።"

ጆሮህን አስጠጋ አልኩት። አስጠጋ። ፊቱ ተለወጠና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ባለቤቴ በመጨረሻው ዓመቱ አንድ የፈለሰ መንጋ ኮፈኑ ውስጥ ሰፍሮ አገኘ። ማስወጣት ሲገባው "ሰው ሁሉ ቀፎ ሠርቶ ንብ ይጠብቃል፤ እኔ ዘንድ ግን ራሳቸው መርጠው መጡ" ብሎ መኪናዋን መንዳት ተወ። እኔም አልነካኋቸውም።

"በምን ይወጣሉ?" አለኝ ልጁ ከሩቅ።

"ሲመሽ፣ በኩበት ጭስ። የሚያወጣልህ ሰው ሆለታ በኩል አውቃለሁ፤ ግን አሁን አይሆንም፤ ማሩ አልደረሰም።"

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ኅዳር ና። ጥቁር ልብስ እንዳትለብስ፤ ሽቶም እንዳትቀባ።"

"ማሩስ የማን ነው?" አለ በሩ ጋ ደርሶ።

ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የኔ፣ ሰሙ የአባ ነው አልኩት። በዋጋው ላይ ሌላ ቅናሽ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ባለ ማር መኪና መሆኗን ረስቶታል።